ጠበል የጠጣችው ትራክተር

ባለፈው ሳምንት ከቅዳሜ ገበያ ስመለስ፣ መንገድ ዳር አንድ ሰውዬ ሞተር ሳይክሉን በጎኑ አስተኝቶ ካርቡራተሩን በቤንዚን ያጥባል። ቆምኩ።

«ምን ፈለግሽ?» አለኝ።

«ምንም። እያሸተትኩ ነው።»

እንደ እብድ አየኝ። ይየኝ። የሌላው ሰው ልጅነት ምን ምን እንደሚሸት አላውቅም፤ የእኔ ቤንዚን፣ ግራሶና ዝናብ የነካው አፈር ነው የሚሸተው። እዚያው እንደቆምኩ አስር ዓመቴ ሆነ። አራተኛ ክፍል ነኝ፣ ሁዳዴ ገብቷል፣ እኔም ዱላ ይዤ ብረት የዋጠች ዶሮ ከኋላ ከኋላዋ እከተላለሁ።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

አያ ሲሳይ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ላሊበላ ከተማ አንድ ሎጅ ውስጥ ጄኔሬተር ሲያስነሱ፣ አትክልት ሲኮተኩቱ ብዙ ዓመት ኖረዋል። ሎጁ ሲዘጋ አልጋውንም ወንበሩንም ሰው ተቀራመተው፤ የአትክልት ቦታውን ታርስ የነበረችውን አሮጌ ትራክተር ግን ማንም ዞር ብሎ አላያትም። «ከፈለጉ ይውሰዷት» አሏቸው። ወሰዷት።

ትራክተር ስል ትልቋን፣ ሰው ላይዋ ተቀምጦ የሚነዳትን እንዳታስቡ። ይቺ ሁለት ጎማ ብቻ ያላት፣ እንደ ዕርፍ ከኋላ በእጅ ተይዛ የምትነዳ፣ ቁመቷም ከፍየል ብዙ የማይበልጥ ናት። ቤታችን ከአሸተን ማርያም ግርጌ ስለሆነ መኪና አይደርስም። አያ ሲሳይ ፈታተው በሦስት አህያ ጭነው አመጧት። የፊተኛው አህያ ሞተሩን፣ መሃከለኛው እጀታውንና ማረሻውን፣ የኋለኛው ግራና ቀኝ ጎማ ይዞ ዳገቱን ሲወጣ፣ ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ወጣ። ቀለሟ ዳማ ፈረስ ይመስል ስለነበር እኔ ወዲያው «ዳማ» አልኳት፤ ስሟ በዚያው ቀረ።

ማሳቸው ከእኛ ጋር የሚዋሰነው ጎረቤታችን አያ ደምሴ አጥራቸው ላይ ተደግፈው ነበር።

«ሲሳይ!» አሉ። «ይኼን ደግሞ ከየትኛው አለት ፈልፍለህ አወጣኸው?»

«ከሣር ውስጥ ነው ያወጣኋት።»

«ነፍስ አላት?»

«ነፍስስ አላት። ትንፋሽ ነው ያጠራት።»

አያ ሲሳይ ስለ ዳማ ሲያወሩ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር። ጉሮሮዋ ታፍኗል፣ ሳል አለባት፣ ደሟ ወፍሯል። የጭስ ማውጫዋን ሲፈቱ የአይጥ ጎጆ አገኙ፤ «ይኸው፣ ደረቷን የያዛት ይኼ ነው» አሉ። እኔም አመንኩ። ዳማ ታማለች።

እናቴ ግን ለትራክተር የሚሆን ትዕግሥት አልነበራትም። አባቴ የሞተው እኔ አፍ ሳልፈታ ነው። የቀረን ግማሽ ጥማድ ነበር፣ ማለት አንድ በሬ፤ ስሙ ቦራ። በአንድ በሬ አይታረስም። አያ ደምሴም አንድ ስለነበራቸው ለዓመታት መቀናጆ ገብተን ኖረናል፦ ሁለቱን በሬዎች ጠምደን አንድ ቀን የእኛን፣ አንድ ቀን የእሳቸውን እናርሳለን። በዚያ ዓመት ግን አያ ደምሴ ሁለተኛ በሬ ገዙ። ከእንግዲህ በቦራ ምን ያደርጋሉ? ሌላው ሰው ሁሉ ተቀናጅቶ አልቋል።

አንድ ቀን መጥተው እናቴን «ዘውዴ፣ ማሳሽ ጦሙን ከሚያድር ለእኔ ስጪኝ። በእኩል አርሼ ገብሱን እንካፈላለን» አሏት።

ክፋት አልነበረውም። እናቴ ግን ያን ቀን ሽሮዋን እያማሰለች ለአያ ሲሳይ እንዲህ አለች፦ «ግማሽ ገብስ ሁለት ሰው እንጂ ሦስት ሰው አያከርምም። ብርቄን ወገል ጤና እህታችን ጋ እልካታለሁ።»

ብርቄ እኔ ነኝ። ወገል ጤና የሚባለውን አገር አላውቀውም። አክስቴን አንድ ጊዜ አይቻታለሁ፤ አፍንጫዬን በነጠላዋ ጠርጋ አድምታኛለች።

«እስከ ግንቦት ሚካኤል ጠብቂኝ» አሉ አያ ሲሳይ። «በዳማ አርስልሻለሁ።»

«በዚያች ቆርቆሮ?»

«እስከ ሚካኤል።»

«እስከ ሚካኤል» አለች እናቴ። «ከዚያ አንድ ቀን አልጨምርም።»

አያ ሲሳይ ሥራ ሲሠሩ ሥርዓት ነበራቸው። ደጃፍ ላይ ሰፌድ ይዘረጋሉ። የፈቱትን ብሎን ሰፌዱ ላይ ያኖራሉ፤ ቀጥሎ የፈቱትን ከሱ በስተቀኝ፤ እንዲያ እያሉ ሰፌዱን ይዞሩታል። ሲገጥሙ ደግሞ መጨረሻ ከፈቱት ጀምረው ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ስለዚህ ሰፌዱን ያነሳ ወዮለት፣ ያዞረም ወዮለት። ችግሩ ሰፌዱ የእናቴ ነው።

«አያ! ገብስ የማበጥርበትን ሰፌዴን ግራሶ አጠጣኸው!»

«ታጥቦ ይለቃል።»

«አንተ ታጥበህ ለቅቆህ ያውቃል?»

የእኔ ሥራ ሰፌዱን ከዶሮ መጠበቅ ነበር። ከትምህርት ቤት መጥቼ ዱላዬን ይዤ እቀመጣለሁ። መቀመጥ ደግሞ አልችልም፤ ዛሬም አልችልም። አንድ ቀን ወደ አሸተን የሚወጡ ቱሪስቶች በደጃችን ሲያልፉ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ዳማን አየና ተንበርክኮ ጎማዋን ይዳብሳት ጀመር። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«አያቱ ቤት እንዲህ ያለች ነበረች ይላል» አለ አስጎብኚው።

«መለዋወጫ ቀርቷቸው እንደሆነ ጠይቅልኝ» አሉ አያ ሲሳይ።

እኔ ፈረንጅ ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ በደንብ ለማየት ወደ ሰውየው ተጠጋሁ። ገብስማዋ ዶሮ ወደ ሰፌዱ ተጠጋች። ዞር ስል አንገቷን ቀና አድርጋ እየዋጠች ነው።

የዋጠቻት ከሽምብራ የምታንስ የብረት ኳስ ነበረች፤ ማርሹ ከገባ በኋላ እንዳያመልጥ ቆልፋ የምትይዘው። ያለሷ ዳማ ሁለት እርምጃ ሄዳ ማርሹ ይወልቃል።

አያ ሲሳይ ሰፌዱን አዩ፣ ዶሮዋን አዩ፣ እኔን አዩ። ሁዳዴ ነው። በሁዳዴ ዶሮ አርዶ ማን ሊበላው?

«ትጥላት ይሆናል» አሉ። «ተከተያት።»

ተከተልኳት። አንድ ሳምንት ሙሉ ገብስማዋ በሄደችበት ሄድኩ፤ የጣለችውን ሁሉ በእንጨት እያገላበጥኩ አየሁ። ዝርዝሩን ልተወው። ኳሷ አልወጣችም። አያ ሲሳይ ከአሮጌ ብስክሌት ሌላ ኳስ አውጥተው ሞከሩ፤ አነሰች። እኔ ካንገቴ ጨሌ አንዷን ፈትቼ ሰጠኋቸው፤ ማርሹ ፈጭቶ ዱቄት አደረጋት።

«ሲሳይ፣ ትራክተርህ እንዴት ናት?» ይላሉ አያ ደምሴ ባለፉ ቁጥር።

«ዶሮ ሆድ ውስጥ ናት።»

«እውነት ታርሳለች ብለህ ነው?»

የቀረን ፋሲካን መጠበቅ ነው። ችግሩ ገብስማዋ የእናቴ ምርጥ እንቁላል ጣይ ነበረች። «ለፋሲካ የማርደው ቀዩን ነው» አለች እናቴ አስቀድማ። «ገብስማዬን ለቆርቆሮ አልሰጥም። እንዳትለምኑኝ።» ባትፈልግም ለመንናት። ሁዳዴን በሙሉ ለመንናት። እንቢ አለች።

የፋሲካ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ቢላዋ ተስሎ አያ ሲሳይ ተቀምጠዋል። እናቴ ከጓሮ መጣች። በእጇ አንጠልጥላ የያዘችው ገብስማዋን ነው።

«ምን ታፈጣላችሁ?» አለች። «ቀዩ ከስቷል።»

ቀዩ አልከሳም። እንደውም ከመወፈሩ የተነሳ አጥር መዝለል አቅቶት ነበር። ያን ጊዜ ግን አላስተዋልኩም፤ እኔ የማየው የሚከፈተውን ሆድ ነው። አያ ሲሳይ ጣታቸውን ሰደው ከጠጠርና ከገብስ መሃል ኳሷን አወጧት። ታብረቀርቃለች።

«ወልውላ ነው የመለሰችልን!» አሉ። በዚያ ፋሲካ ከዶሮው ይልቅ የጣፈጠኝ ኳሷን በኪሴ ይዤ መዋሌ ነበር፤ አያ ሲሳይ እስከ ማግስቱ ሰጥተውኛል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ኳሷ ገባች። ካንዴላዋ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጋ እሳት መትፋት ጀመረች። አያ ሲሳይ ከብልባላ ገበያ ቤንዚን አመጡ። ከዚያ ገመድ መጎተት ሆነ። ጠዋት ይጎትታሉ፣ ከምሳ በኋላ ይጎትታሉ። ዳማ ትስልና ትተዋለች፣ ትስልና ትተዋለች። ሚካኤል ሰኞ ሊውል፣ በፊተኛው ረቡዕ አንድ ጊዜ ሲጎትቱ ጮኸች! ግቢው ጢስ በጢስ ሆነ፣ ዶሮዎቹ ጣሪያ ላይ ወጡ፣ ቦራ ገመዱን በጥሶ ሄደ። እናቴ ጆሮዋን ይዛ ከቤት ወጣች። አያ ሲሳይ እጄን ይዘው በዳማ ዙሪያ ጨፈሩ።

«ነገ ማሳ ነው!» አሉ። «ሐሙስና አርብ አርሰን እንጨርሳለን።» ቅዳሜና እሁድ አይታረስማ።

ሊያጠፏት ሲሉ ግን ዳማ ሁለት ጊዜ ሳለች። ሰማኋት።

ያን ሳል አውቀዋለሁ። ዓምና ትክትክ ይዞኝ እናቴ አሸተን ማርያም ወስዳ ጠበል አጠጥታኝ ነው የዳንኩት። ጠበሉ አሁንም ቤት ውስጥ ምሰሶው ላይ በጀሪካን ተሰቅሏል። አያ ሲሳይ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲሄዱ አንድ ሲኒ ሞልቼ ቀዳሁ። አፏ የት እንደሆነ ቤንዚን ሲጨምሩላት አይቻለሁ። በስመ አብ ብዬ ክዳኗን ከፈትኩና አጠጣኋት። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ። ክዳኑን ዘግቼ አፏን በቀሚሴ ጠረግኩላት። ወገል ጤና ከዚያ ወዲያ የሰማይ ያህል ራቀኝ።

ሐሙስ ጠዋት ማሳው ዳር የቆመው ሰው ብዛት የንግሥ ቀን ይመስል ነበር። ሁለት ቀን ካፊያ ስለጣለ አፈሩ ለስልሷል። አያ ደምሴ እርከኑ ላይ ተቀምጠዋል። አያ ሲሳይ ገመዱን ጎተቱ፤ ዳማ ተነሳች። ማረሻዋ አፈሩን ነከሰ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ... እልልታ ሊጀመር ነው። አስረኛው ላይ ዳማ እንደ ታነቀ ሰው ሆነች፤ ተንቀጠቀጠችና ዝም አለች። ጎተቱ። ዝም። ጎተቱ። ዝም።

«ደከማት?» አሉ አያ ደምሴ። «ጭድ ላምጣላት?»

ሁሉም ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። ዞራ ወደ ቤት ሄደች። ተከትያት ስገባ ልብሴን በፌስታል እያጠፈች ትከታለች።

አያ ሲሳይ ዳማን እየገፉ አመጧት። ሰፌዱን ዘረጉ፣ ካርቡራተሯን ፈቱ፣ ውስጡ የነበረውን በጣታቸው ነክተው አሹት፣ አሸተቱት።

«ውሃ!» አሉ። «ውሃ ነው የሸጠልኝ! የብልባላው ሌባ ቤንዚኔን በውሃ በርዞ ነው የሸጠልኝ!» ዱላቸውን አነሱ። «ዛሬ ወይ እሱ ወይ እኔ!»

አያ ሲሳይ ሰው ተማትተው አያውቁም። ያን ቀን ግን ፊታቸው የሚማታ ሰው ፊት ነው። ብልባላ ሄደው ያንን ምስኪን ሲመቱት ታየኝ፤ አላስቻለኝም።

«ሰውየው አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ። ደግሞ ውሃ አይደለም፣ ጠበል ነው።»

አያ ሲሳይ በግራ እጃቸው የያዙትን ቆርቆሮ ኩባያ፣ ከካርቡራተሩ የወጣው ያለበትን፣ መሬት ላይ ሊደፉ ዘንበል አድርገውት ነበር። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ምን?»

«የአሸተን ጠበል። ስለምትስል።»

ኩባያውን ቀስ ብለው ቀና አደረጉት። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ የጨነቃቸው ሌላ ነገር ሆነ።

«አሁን ይኼን የት ነው የምደፋው?» አሉ።

ጠበል ሰው የሚረግጠው መሬት ላይ አይደፋም። አያ ሲሳይ ደግሞ ጾም የማይገድፉ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ የማያልፉ ሰው ናቸው። ኩባያውን እንደያዙ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩ። ቤንዚን መያዣዋ ሳልባትዮ ውስጥ የቀረው ሁሉስ? በመጨረሻ እኔን የነፍስ አባታችንን አባ ኪዳኔን እንድጠራ ላኩኝ። በሩጫ ሄድኩ፤ ነገሩን ሁሉ መንገድ ላይ ነገርኳቸው። አባ ኪዳኔ ቆም እያሉ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዳገቱ ያደከማቸው መስሎኝ ነበር።

«እስቲ አሳየኝ» አሉ ሲደርሱ።

አያ ሲሳይ የሳልባትዮውን ሁሉ ነጭ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጡትና ፀሐይ ላይ አቆሙት። ትንሽ ስንጠብቅ ለየ። ቤንዚኑ ከላይ ቀላ ብሎ፣ ጠበሉ ከታች ጥርት ብሎ። መሃላቸው በክር የተሰመረ ይመስላል።

«አይቀላቀሉም?» አሉ አባ ኪዳኔ ጎንበስ ብለው።

«አይቀላቀሉም አባ።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀህ? ራሳቸው ተለያይተውልሃል። ላይኛውን አንድደው፣ ታችኛውን ለእኔ ስጠኝ።»

አያ ሲሳይ ቤንዚኑን በቀስታ ቀነሱና የቀረውን ጠበል በሲኒ መቅዳት ጀመሩ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

«ብርቄ፣ ስንት ሲኒ ነው ያልሽኝ?»

«አንድ።»

«እውነቱን።»

«አንድ! በማርያም አንድ!»

ሲኒውን አስቀመጡ። ከዚያ ቀና ብለው እናቴን አዩዋት። እናቴ በራፉ ላይ ምስር ትለቅማለች፤ ቀና አላለችም። አባ ኪዳኔም አዩዋት። ምስሩን በጣም ተጠግታ ትለቅም ነበር።

«እንግዲህ በርክቷል» አሉ አያ ሲሳይ።

«ይበረክታል» አሉ አባ ኪዳኔ በመስቀላቸው አፋቸውን ከልለው።

እኔ ምን ልበል? አመንኩ። ጠበል ትራክተር ሆድ ውስጥ ሦስት እጥፍ እንደሚበረክት ለክፍል ጓደኞቼ ሁሉ ተናገርኩ፤ የተጠራጠረችውን አንዷን መትቻታለሁ።

ጠበሉን ከቤታችን ጀርባ ካለው ገደል፣ እግር የማይደርስበት የአለት ስንጥቅ ውስጥ አባ ኪዳኔ ራሳቸው አፈሰሱት። ሲመለሱ ራሴን ዳበሱኝ። «ለሌላ ጊዜ ከውጭ ርጪያት» አሉኝ። «ወደ ውስጥ የሚገባው የሲሳይ ሥራ ነው።»

አርብ ጠዋት ከውጭ ረጨኋት። ማሳው ዳር የመጣ ሰው ከትናንቱ ሩብ አይሆንም፤ ለሁለተኛ ቀን መሳቅ ያልታከታቸው ብቻ ናቸው። አያ ሲሳይ ገመዱን ጎተቱ። ዳማ ተነሳች። አስር እርምጃ አለፈች። እስትንፋሴን ይዤ ነበር፤ ሃያ ላይ ለቀቅኩት። የማሳው ጫፍ ደርሳ ስትዞር እልል ያለችው እናቴ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከኋላዋ እየተከተለች ድንጋይ ትለቅም ጀመር። እኔም ለቀምኩ። ጥቁሩ አፈር ትኩስ ነበር፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

እኩለ ቀን ላይ መሃሉ በሙሉ ታረሰ። የቀረው የእርከኑ ጥግና ጫፍ ነው፤ እዚያ ዳማ መዞር አትችልም። አያ ሲሳይ ዶማ ሊያመጡ ሲነሱ አያ ደምሴ እርከኑን ወርደው መጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጫፉን በዶማ ልትጨርሰው ነው?»

«ሌላ ምን አለኝ?»

«ቦራ አለህ። ቦራን ከእኔ አሮጌው በሬ ጋር ጠምደን ጫፍ ጫፉን አርስልሃለሁ። ዳማ ደግሞ መሃል መሃሉን ለእኔ ትገባለች።»

«ሁለት በሬ አለህ አይደል እንዴ?»

አያ ደምሴ መሬት መሬት አዩ። «አዲሱ በሬ አይደለም። ቀንበር ሲያይ ይተኛል። ሦስት ሳምንት ሞከርኩት፤ ይተኛል።»

አያ ሲሳይ ቀስ ብለው ፈገግ አሉ። ሁላችንም ምን እንደሚመጣ አወቅን፤ አያ ደምሴም አወቁ።

«በል፣ በለኝ» አሉ።

«ደከመው? ጭድ ላምጣለት?»

አያ ደምሴ ራሳቸው ቀድመው ሳቁ። እዚያው ማሳው ላይ እጅ ተመታቱ፤ በእኛ አገር ትራክተርና በሬ መቀናጆ ሲገቡ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ሚካኤል ዕለት እናቴ ለአያ ደምሴ ማሳዋን ሳይሆን ጠላ ቀዳችላቸው። የእኔ ፌስታል ባዶ ሆኖ ምሰሶው ላይ ከጠበሉ አጠገብ ተሰቀለ።

እና ባለፈው ሳምንት፣ ሞተር ሳይክሉ አጠገብ ቆሜ ቤንዚኑን ሳሸት፣ ቀዩ ዶሮ ትዝ አለኝ። ቀዩ አልከሳም ነበር። ከዚያ ሦስቱ ሲኒ። አንድ ነው ያጠጣኋት። ይኼን ያህል ዓመት ምን ሆኜ ነው?

እቤት ስደርስ እናቴ ገብስ ታበጥራለች። ሰፌዱ ያው ነው፤ ዙሪያውን የግራሶ ጥቁር ቀለበት አለው፤ አልለቀቀም።

«እማዬ» አልኳት። «አንቺ ስንት ሲኒ ነበር ያጠጣሻት?»

ማንን አላለችም። መቼም አላለችም።

«ሁለት።»

«ለምን ሁለት?»

«አንዱ ማሳው እንዲታረስ። አንዱ አንቺ ወገል ጤና እንዳትሄጂ።»

ገብሱን ወደ ላይ አነሳችው፤ ንፋሱ እብቁን ወሰደላት።

«አንቺ ቀድመሽ ማጠጣትሽን ማን ነገረኝ?» አለች። «በአንድ ሲኒ እኮ እንዲያ አትታነቅም ነበር።»